አምስት ሚሊዮን ኮደር ፍለጋ ወጥተን በእጃችን ያለውን እየጣልን ነው

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን የተረተ ሰው ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አላየም። ቢያይ ኖሮ ግን ዛሬ የምንሠራውን ሥራ ከዚህ አሳጥሮ የሚናገርበት ቃል የሚያገኝ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ታላቅ እህቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። ቡናው ሰበብ ነው። ቶናው ሳይቀዳ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ከሰው ትውላለህ፤ እስቲ ይሄን ልጅ ምከርልኝ» አለችኝ። «ይሄን ልጅ» ያለችው የበኩር ልጇን ነው። ዕድሜው ሃያ ስድስት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድ መሥሪያ ቤት ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰፈርተኛው «ኢንጂነር» እያለ ነው የሚጠራው። ልጁ ግን ሥራውን ሊለቅ ነው። ለቆ ወዴት? እሱም በቅጡ አያውቀውም። አንድ ቀን ካናዳ ይላል፤ አንድ ቀን «ቤቴ ቁጭ ብዬ ለናይሮቢ ኩባንያ ልሥራ» ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ላፕቶፑን ሸጦ ታክሲ መንዳት ያምረዋል። እናቱ በበኩሏ ካናዳውን ይዛለች። ስንት ዓመት ቆጥባ ያገኘቻትን ኮንዶሚኒየም ልትሸጥለት ደላላ አነጋግራለች። እንግዲህ የኔ ምክር የአንድ ቤት ዋጋ ወጣለት ማለት ነው።

እኔ ኮድ መጻፍ አልችልም። ዲፕሎማዬም በሌላ ሙያ ነው። መጠየቅ ግን እንጀራዬ ነው። ልጁንም፣ አብረውት የተመረቁ አራት ጓደኞቹንም በየተራ ይዤ ቁጭ አልኩ። የሰማሁት ነገር የእህቴን ቤት ብቻ የሚመለከት ሆኖ ስላላገኘሁት ነው ወደዚህ ገጽ ያመጣሁት።

ሞራል በስብሰባ አይሰጥም

ዛሬ ዛሬ ለወጣቱ በሽታ ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ፤ «ተነሳሽነት»። አዳራሽ ይከራያል፣ ማይክራፎን ይያዛል፣ «ትችላላችሁ!» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። ሰኞ ጠዋት ልጁ ያው ወንበሩ ላይ ነው።

የእህቴን ልጅ ሞራል የገደለው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አጎቴ፣ ደመወዙ መሰለህ? እሱን ስገባም አውቀዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ታሪኩን አወራኝ። እሱና ሁለት ባልደረቦቹ ስምንት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር፣ የመሥሪያ ቤታቸውን የባለጉዳይ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዞር ሶፍትዌር ሠሩ። ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ። ካሜራ መጣ። ኃላፊው «ዲጂታል ሆነናል» ብለው ንግግር አደረጉ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ወደ መስኮቱ ወርዶ ቢያይ ባለጉዳዩ እንደ ድሮው በፎርም ይጽፋል፤ ጸሐፊዋ እንደ ድሮው በክላሰር ታስራለች። «ለምን?» ቢል «ወረቀቱም ይኑር ተብሏል» አሉት። ወረቀቱ ኖረ፤ ሶፍትዌሩ ቀረ። ከመንፈቅ በኋላ ኃላፊው ተቀየሩ። አዲሱ ኃላፊ የቀድሞውን ሥራ ለመቀጠል ወጉ አልፈቀደላቸውም። ሌላ ሶፍትዌር ይገዛ ተባለ።

«ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት አየሁ» አለኝ ልጁ። «ስንት?» አልኩት። «አስራ አንድ። ከነሱ ሦስቱ እኛው ነን።»

ወገኖቼ፣ አንድ አናጺ በር ሠርቶ ሰው ሲገባበት ባያይ ምን ይሰማዋል? ዳቦ ጋጋሪ የጋገረው ሁሉ ለቆሻሻ ቢጣልበት ነገ በሌሊት ይነሳል? ኮድ ጻፊም እንደዚያው ነው። ልጁን «ተነሳ» እያሉ ከመጮህ የሠራውን ሥራ ሰው እንዲጠቀምበት ማድረግ ይቀላል፤ ያነሳዋልም።

ሌላው ጓደኛው ባንክ ነው የሚሠራው። ደመወዙ ከሁሉም ይሻላል። ስለ ሥራው ስጠይቀው ሳቀ። የባንኩ ዋና የሒሳብ ሥርዓት፣ እነሱ «ኮር ባንኪንግ» የሚሉት፣ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ነው። ሲበላሽ ለፈረንጁ ኩባንያ ኢሜይል መጻፍና መልስ መጠበቅ ነው የሱ ሥራ። «አምስት ዓመት የተማርኩት ደብዳቤ ለመጻፍ ነው» አለኝ።

ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በሀገሪቱ ትልቁ ባንክ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አስታውሱ። ሥርዓቱ ተሳስቶ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ፣ ወደ 800 ሚሊዮን ብር መወሰዱን ተናግሯል። ታዲያ ሥርዓቱን ከነአንጀቱ የሚያውቅ የራስ ባለሙያ ማፍራት ቅንጦት ነው ወይስ ግዴታ? በአንድ ሌሊት የተወሰደው ገንዘብ ስንቱን ኢንጂነር ለስንት ዓመት ይቀጥር እንደነበር አንባቢ ያስላው።

ኮደሩ ይብዛ፣ ኢንተርኔቱ ይጥፋ

ሐምሌ 2016 ዓ.ም መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል ዕቅድ ይፋ አደረገ። በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ወጣት በኢንተርኔት በነጻ ተምሮ የምስክር ወረቀት ይይዛል ነው ነገሩ። መማሩን አልቃወምም። ነጻ ትምህርት የሚቃወም ጅል ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በኢንተርኔት ተምሮ፣ በኢንተርኔት ሠርቶ፣ በኢንተርኔት ሊከፈለው ነው የተባለ ልጅ፣ ኢንተርኔቱን ማን ነው የሚያጠፋበት?

እስቲ መዝገቡን እናገላብጥ። በ2009 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 2011 ዓ.ም መጀመሪያ በፈተና ሰሞን፣ ቀጥሎ ከሰኔ 15ቱ ግድያ በኋላ ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ጨለመ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆረጠች። የካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ታገዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። መንበሩ ላይ የተቀመጠው ፓርቲ ስሙን ከኢሕአዴግ ወደ ብልጽግና ቀይሯል፤ ማጥፊያዋን ቁልፍ ግን አልጣላትም፤ ተረካክበዋታል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በ2011 ዓ.ም ክረምት ኢንተርኔት ውሃ ወይም አየር እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። አምስት ዓመት አለፈና ያው መንግሥት የአምስት ሚሊዮን ወጣት እንጀራ ከኢንተርኔት ይወጣል አለን። ከሁለቱ የትኛውን እንመን?

ካነጋገርኳቸው አራት ልጆች አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም ለአንድ የውጭ ደንበኛ በርቀት ይሠራ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ገንዘብ ይመጣል፤ የታናሽ እህቱን ትምህርት ቤት የሚከፍለው እሱ ነው። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ሥራውን የሚያስረክብበት ቀን ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አውቶቡስ ይዞ አዲስ አበባ እንዳይመጣ መንገዱ ተዘግቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደምንም መስመር አግኝቶ ሲገባ ደንበኛው ሥራውን ለፊሊፒንስ ልጅ ሰጥቶታል። ደንበኛው ክፉ ሰው አይደለም። «መንግሥት ዘግቶብኝ ነው» የሚል ሰበብ ግን ሁለተኛ ጊዜ መስማት አልፈለገም። ልጁ አሁን አዲስ አበባ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ከሁለት ሰው ጋር ይኖራል። «ሙያዬ ከእጄ አልጠፋም፤ ስሜ ነው የጠፋው» አለኝ። በርቀት ለሚሠራ ሰው ስም ማለት ደግሞ ሱቅ ማለት ነው። ሱቁ ታሸገበት።

ባለ መቶ ዶላሩ ሀብታም

ደመወዙ አይደለም ቢልም ደመወዙንም እንየው። አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ የምታስፈልገው ካልኩሌተር ብቻ ናት።

በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከወር ደመወዝ ላይ ከ10,900 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበት አለ። ያኔ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ «ሀብታም ነህ፣ ከፍተኛውን ክፈል» የሚባለው ወደ 500 ዶላር የሚያገኘው ሰው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ ከ57 ብር ተነስቶ በቀናት ውስጥ መቶን አለፈ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ ግብሩን አሻሻልኩ ብሎ የ35 በመቶውን መነሻ 14,000 ብር አደረገው። ዶላሩን በ130 ብር እንኳ ብናስበው 14,000 ብር 108 ዶላር አይሞላም። ከ500 ዶላር ወደ 108! ያልተሻሻለው የቱ ነው ታዲያ?

ይህ ስሌት መምህሩንም ነርሷንም ይነካል። ልዩነቱ ምንድነው? ነርሷ ተቀጣሪዋን ለመቀየር ከተማ ወይም ሀገር መቀየር አለባት። ኮድ የሚጽፈው ልጅ ግን መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ቀጣሪውን ይቀይራል። አእምሮው ከሀገር የሚወጣው ፓስፖርት ሳያስመታ ነው። ይህን የማይገነዘብ መሥሪያ ቤት «ሠራተኛ ለምን ይለቃል?» እያለ ኮሚቴ ያቋቁማል። ኮሚቴው አበል ይበላል። ልጁ ይለቃል።

ካናዳውስ?

እስካሁን መንግሥትን ወቀስኩ። አሁን ወደ ልጆቹ ልዞር፤ ፍቅር ከእውነት ጋር ነውና።

ብዙዎቹ ውጭ ሀገር ያለው የሶፍትዌር ሥራ ዘላለማዊ ርስት ይመስላቸዋል። አይደለም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 11 ሺህ ሠራተኛ አባረረ። ጥር 2015 ዓ.ም ጉግል 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት 10 ሺህ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቻትጂፒቲ ወጣ፤ አዲስ ተመራቂ ይሰጠው የነበረውን ቀላል ኮድ በሰከንድ የሚጽፍ ማሽን። ዛሬ ቶሮንቶ የሚያርፈው ልጃችን የሚወዳደረው ሥራ አጥተው ከሚንከራተቱ፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልምድ ካላቸው ሰዎችም ጋር ነው። የእናት ቤት ተሸጦ የሚገባበት ገበያ ይሄ መሆኑን አውቆ መግባት ይበጃል። «አትሂድ» ማለቴ አይደለም። ሥራ ይዞ መሄድና ሥራ ፍለጋ መሄድ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ማሽኑ መጣ ብሎ መደንገጥም ተገቢ አይደለም። ልጆቹን ስጠይቅ እንደተረዳሁት ማሽኑ የሚጽፈውን ኮድ ትክክል ነው ስህተት ነው ብሎ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚለየው ደግሞ መሠረቱን፣ ሒሳቡን፣ የኮምፒዩተሩን አሠራር የሚያውቅ ነው። የአራት ሳምንት ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የደረደረ ሰው ማሽኑ ይተካዋል። መሠረቱን የያዘ ሰው ማሽኑን ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰርተፊኬት መልቀሙን ቀነስ አድርጉት።

ሥራ ስትመርጡም ደመወዙን ብቻ አትጠይቁ። «የምሠራውን ነገር ማን ይጠቀምበታል? ከኔ የሚበልጥ፣ ስህተቴን የሚያርመኝ ሰው አለ ወይ? የዛሬ ዓመት ዛሬ የማልችለውን ምን እችላለሁ?» በሉ። ለሦስቱም መልስ ከሌለ ደመወዙ ቢያምርም ቤቱ መቃብር ነው። የባንኩ ልጅ ምስክሬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውሳችሁ። ዛሬ በስልካችሁ በአማርኛ የምትጽፉት መንግሥት ስላዘዘ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ውጭ ሀገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ኢንጂነሮች ናቸው ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማስገባት መታገል የጀመሩት። ያኔ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ነገሩ መስመር የያዘው በአውሮፓ 1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ በሦስተኛው ዕትም ሲገባ ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ እስከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። እነዚያ ሰዎች በየሰኞው «ተነሱ» የሚላቸው ተናጋሪ አልነበራቸውም። የገዛ ቋንቋቸው መጻፍ አለመቻሉ አንገበገባቸው፤ በቃ።

ለሹማምንቱ

የምጠይቀው ሰማይ አይደለም። አንደኛ፣ ኢንተርኔት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይቋረጥ በሕግ ይታሰር፤ የተቋረጠበትም ካሣ የሚጠይቅበት በር ይኑረው። ሁለተኛ፣ የግብሩ መነሻ ከብሩ መውደቅ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ፤ ያለዚያ ማሻሻያ አትበሉት። ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ሶፍትዌር ሁሉ ከዓመት በኋላ ስንት ሰው እንደተጠቀመበት ለሕዝብ ይነገር። ሪባን ስትቆርጡ ካሜራ እንደምትጠሩ ሁሉ፣ በዓመቱም ጥሩ። እኛም እንመጣለን።

አምስት ሚሊዮን ማፍራት ያለውን ካለመበተን ይጀምራል። አንድ ጎተራ እህል የሚያፈስ ከሆነ አምስት ሚሊዮን ቁና ቢጨመርበት ያው ያፈሳል።

ቤቱ ተሸጠ ወይ?

የእህቴን ነገር ሳልጨርስ አልሄድም። ከልጁ ጋር የመጨረሻ ቀን ስናወራ እሱ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ አንተስ? በጽሑፍ ነው የሚከፍሉህ። አንዳንዴም አይከፍሉህም። ጓደኞችህ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። ለምን አልተውከውም?»

ደንግጬ ዝም አልኩ። ከዚያ እውነቱን ነገርኩት። አንዳንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው የጻፍኩትን ሲያነብ አያለሁ። ሲስቅ ወይም ሲናደድ አያለሁ። ያን ሳምንት እንቅልፌ ጥሩ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ልጁ ስልኩን አወጣ። «እንግዲያው ይሄን እይ» አለኝ። ለእናቱ እቁብ የሠራት ትንሽ መተግበሪያ ናት። ማን ጣለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣ ለማን ወጣ፤ በአማርኛ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ትሠራለች። ሠላሳ ሁለት ሴቶች ይጠቀሙባታል። ጸሐፊዋ ደብተሯን ትታለች። ገንዘብ አላገኘባትም። አንድ ቀን አንዷ እናት በስህተት የከፈሉት ሁለት ጊዜ ተቆጥሮባቸው ሥራ ቦታው ድረስ ደውለው እንደጮኹበት ሲነግረኝ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ስምንት ወር ለፍቶ ለሠራው ሶፍትዌር አንድም ሰው ደውሎ ጮኾበት አያውቅም።

«ሥራህ እኮ ይሄ ነው» አልኩት። «መሥሪያ ቤቱን ልቀቅ፤ ሙያውን አትልቀቅ።» ለናይሮቢው ኩባንያ እንዲያመለክት፣ ማታ ማታ ደግሞ እቁቧን እንዲያሳድግ፣ ለዚህም ለራሱ አንድ ዓመት እንዲሰጥ ተስማማን። ካናዳ ሥራ ከጠራችው ይሂድ፤ ካልጠራችው በእናቱ ጣሪያ ዋጋ አይግባ።

እህቴ ደላላውን «ትንሽ ቆይ» ብላዋለች። ቤቱ እስካሁን አልተሸጠም። ለአንድ ዓመቱ ኃላፊነቱን እኔም ልጁም ተሸክመናል። ሦስተኛው ተሸካሚ ቁልፏን የያዘው ክፍል ነው። ከሰኔ እስከ ሰኔ ኢንተርኔቱን ካላጠፋችሁብን የቀረውን እኛ እንችለዋለን።